የሀይማኖት ተራ

[ቢቸና፣ በ2008 ዓ.ም. አንድ ረፋድ። ሰማው በልብስ ስፌት ሱቁ በረንዳ ላይ፣ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጧል። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፣ ግን አይረግጠውም። የሰባት ዓመት ልጁ ሀይማኖት ከጎኑ ቆማ የመኪናዋን መዘውር አፍጥጣ ታያለች። ኦቲዝም አለባት፤ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አጎቷ፣ የእህል ደላላው መንግስቴ፣ ከመጣ ጀምሮ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ አንዱም አልተመለሰለትም። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው ገጥሞት አያውቅም። የእህቱ ባል ድሮም ቀርፋፋ ነው፤ ዛሬስ ጭራሽ ደነዘዘ ሲል ደመደመ።]

መንግስቴ፦ አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ከግድግዳ ጋር አይደለም የማወራው!

ሰማው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) አቋረጥኸኝ። ሰባት ላይ ደርሼ ነበር።

መንግስቴ፦ የምን ሰባት? ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው። ካሁኑ ምሳ አማረህ?

ሰማው፦ ሰዓት አይደለም አያ መንግስቴ። በልቤ እየቆጠርሁ ነው። አሥር እስክደርስ ዝም ማለት አለብኝ።

መንግስቴ፦ አንተ ደግሞ ዝም ለማለት ቁጥር ያስፈልግሃል? ከተወለድህ ጀምሮ ዝም እንዳልህ ነህ! (ጎንበስ ብሎ) ይልቅ ይቺ መኪና ምን ሆና ነው የቆመችው? ዘይት ነው። ነግሬህ ነበር፣ ዘይት ነው።

ሰማው፦ ዘይቷ ሙሉ ነው።

መንግስቴ፦ እንግዲያው ክሩ ተበጥሷል።

ሰማው፦ ክሩም ደህና ነው። ሆን ብዬ ነው ያቆምኋት። ሀይማኖት መዘውሩ ሲዞር ማየት ትወዳለች። ትንሽ አዞርና ቀጥ አደርገዋለሁ። ከዚያ ፊቷን እያየሁ እጠብቃለሁ፣ «ድገም» እስክትለኝ።

መንግስቴ፦ ሥራ ፈትተህ?

ሰማው፦ ሥራዬ ይሄው ነው። ከባሕር ዳር የመጣች የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ መሪማ የምትባል፣ ሞጣ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ወላጆችን አስተምራናለች።

መንግስቴ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ለንግግር ብለህ፣ እኔን እዚህ ትተህ ሞጣ ሄድህ? በዚህ ከተማ እኔ ሳልናገር የታረቀ ባልና ሚስት አለ? እስቲ፣ በሦስት ቀን ምን አስተማረችህ?

ሰማው፦ ተራ መጠበቅ።

መንግስቴ፦ ለተራማ ሞጣ ምን አስኬደህ? እዚሁ ቢቸና መናኸሪያ ስንጠብቅ አይደል የምንውለው!

ሰማው፦ የወሬ ተራ ነው እንጂ። አንዱ ሲናገር ሌላው...

መንግስቴ፦ ገባኝ፣ ገባኝ! ከኔ ተማር። (ልጅቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ) ሀይማኖትዬ! አጎትሽን ሰላም በይ! «እንደምን አደርህ» በይ! እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺስ? አንቺም ደህና ነሽ! ጎበዝ!

[ሀይማኖት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።]

ሰማው፦ ጠየቅሃት፣ መለስህላት፣ አመሰገንህላት። ለሷ ምን ተረፋት?

መንግስቴ፦ እየረዳኋት እኮ ነው!

ሰማው፦ አያ መንግስቴ፣ የልጄን ድምፅ የማውቀው በለቅሶና በሳቅ ብቻ ነው። ውሃ ሲጠማት እጄን ይዛ ትጎትተኛለች። ምን እንደጎደላት ገምቼ ስስት ግንባሯን ከግድግዳ ታጋጫለች። አንዲት ቃል ብትኖራት...

[መንግስቴ የልጅቱን ግንባር አየት አደረገ።]

መንግስቴ፦ በል አዙር፤ አይዞህ፣ እኔ አለሁ።

[ሰማው ፔዳሉን ረገጠ። መዘውሩ ዞረ፤ ሀይማኖት እጇን እያርገበገበች ሳቀች። ቀጥ አደረገው። ልጅቱ መዘውሩን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ የአባቷን ፊት አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።]

መንግስቴ፦ ድገም! ድገም ልትልህ ነው! በይው እንጂ የኔ ልጅ! በቃ፣ ብላለች ቁጠርላት!

[ሀይማኖት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰማው ወደ መንግስቴ እግር ተመለከተ።]

ሰማው፦ ይሄ ሱሪ ረዝሞብሃል።

መንግስቴ፦ ማን አለ?

ሰማው፦ ጫፉ መሬት እየጠረገ ነው። ያንተን ያህል ሽማግሌ በዚህ ሱሪ ሰው መሀል ይቀመጣል? ና በርጩማው ላይ ቁም፣ ላሳጥርልህ።

መንግስቴ፦ (እየወጣ) እኔም ታውቆኝ ነበር።

ሰማው፦ እጄ ስለማይበቃኝ እነዚህን ስፒሎች በከንፈርህ ያዝልኝ። ከተናገርህ ትውጣቸዋለህ።

መንግስቴ፦ እምም።

[ሰማው የሱሪውን ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ወደ መኪናው ተመለሰ። አዞረ። አቆመ። አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ፤ ከዚያ በረንዳው ጭጭ አለ። የመንግስቴ ዓይን ፈጠጠ፣ ግንባሩ አላበው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ከስፒሎቹ ጋር ተፋጠጠ።]

ሀይማኖት፦ ድ... ድገም።

[ሰማው ወዲያው ፔዳሉን ረገጠ። መዘውሩ ሽው አለ።]

ሀይማኖት፦ ድገም!

[ሰማው በአንገቱ በተንጠለጠለው ሜትር እንባውን ጠረገ። መንግስቴ ስፒሎቹን መዳፉ ላይ ተፋ፤ የሱም ዓይን እርጥብ ነው።]

መንግስቴ፦ ተናገረች! ሰማህ? እኔ ነኝ ያስጀመርኋት! እህቴ ጋ ሮጬ ልሂድ፣ እናቷ ከኔ አፍ ትስማ! በል ሱሪዬን ቶሎ ጨርስልኝ፤ ስንት ስፒል ይቀርሃል?

ሰማው፦ ምንም። ሱሪህ ልክህ ነው።

መንግስቴ፦ ረዝሟል አላልኸኝም?

ሰማው፦ የረዘመውስ ምላስህ ነበር። እሱን አሳጠርሁልህ።