ከድር ያልጨረሳቸው ፊልሞች

የፊልም ሐያሲ ነኝ የሚል ባለሱቅ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጋምቤላ አንድ አለን፤ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭንልን ከድር ነው። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ስለሚሠራ አንድ ዳይሬክተር ሲተነትን፣ «ሲጀምር ጎበዝ ነበር፣ መሐል ላይ ወረደ፣ በስተርጅና ተነሣ» ይላል። ነገሩን ሳጣራ፣ ያደነቃቸው ፊልሞች ሁሉ መብራት ጠፍቶበት ያልጨረሳቸው ናቸው። ወረዱ የሚላቸው እስከ መጨረሻው ያያቸውን ነው። ከዚህ የበለጠ ሚዛን ከየት ይመጣል?

የዳይሬክተሩን የመጨረሻ ፊልም እኔና ባለቤቴ ስናይ መብራት ሄደ። «ነገ እንጨርሰዋለን» አለኝ። በማግስቱ ታመመ፤ በሳምንቱ ቀበርኩት።

«ከድር፣ በዚያ ፊልም ላይ ገዳዩ ማነው?» አልኩት።

«እኔም እዚያው ላይ ነው መብራት የጠፋብኝ። ይተዉት እትዬ፣ እንዲህ እንዳለ ነው የሚያምረው።»

አልተውኩትም። ዛሬ ካቆምንበት ጀምሬዋለሁ። በየደቂቃው ቀና ብዬ አምፖሉን አያለሁ፤ እንዲጠፋ ሲፈለግ ግን አይጠፋም።