ሆራ የጠጣች መኪና

«ላምህን ከጠማት በኋላ አታጠጣት፤ ሳይጠማት አጠጣት» ይል ነበር አባቴ። ቀን በቀን ይላል። ላም ሳይኖረን ይላል። ከሸዋ ወደ ለቀምት ሲመጣ ከብቱን ሁሉ እዚያው ትቶ ነው የመጣው፤ ከከብቱ የተረፈችው ይህች ንግግር ብቻ ናት።

እኔም ላም አልነበረኝም። መኪና ነበረችኝ። በጃንሆይ ጊዜ በለቀምት የቤት መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር፤ እኔ ከጣቶቹ ትንሿ ነበርኩ። ከገበሬ ቡና እየተቀበልኩ ለነጋዴ የማቀብል፣ የቄስ ትምህርቴን ዳዊት ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። አንድ ሹም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ያረጀች ግራጫ መኪናውን ለእኔ ትቷት ሄደ። እንዴት እንደተወልኝ ታሪኩ ረጅም ነው፤ ይለፈን።

መኪናዋ ሁሉ ነገር አስገኝታልኛለች፤ አንድ ነገር ብቻ ከለከለችኝ። የአማቴን ምርቃት።

የሚስቴ የጫልቱ አባት ኦቦ ጉደታ የጊምቢ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ስልክባቸው የጠየቁት ስንት ከብት አለው ብለው ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ከብት እንኳ የለውም፣ መኪና ግን አለው አሉ። ኦቦ ጉደታ ጥቂት አሰቡ አሉ። ከዚያ «ትታለባለች ወይ?» ብለው ጠየቁ።

እውነታቸውን ነው እኮ። ሽማግሌዎቼ በትራቸውን አንስተው ተመለሱ።

ጫልቱ ግን መጣች። ተጋባን፤ ሁለት ልጅ ወለድን። አባቷ አልረገሙንም፤ አልመረቁንምም። ያልተመረቀ ትዳር እንዴት እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ግን በር እንደሌለው ቤት ነው፤ ነፋስ ይገባዋል። ጫልቱ አንዳንዴ እህል አንስታ ወደ አፏ ስትወስድ እጇ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠይቃትም። አውቀዋለሁ።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። በከተማችን ከጣሊያኖች ሥር ሙያ የለቀመ አንድ አሮጌ ሜካኒክ ነበር። መጀመሪያ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን አሳየኝ። ውሃው በሞተሩ ዙሪያ ይዞራል አለኝ። ትኩሳቱን ተሸክሞ ወደፊት ይመጣል፤ እነዚህ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ይመታዋል፤ ይበርድና ተመልሶ ወደ እሳቱ ይገባል። እንዲህ እያለ አገር ለአገር ይዞራል። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እሳትና ውሃ በአንድ ጎጆ! አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ! ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ሜካኒኩ ሙቀት ተሰማህ ወይ አለኝ። የለም፣ ፈጣሪን አመሰገንኩ አልኩት። ሳቀብኝ። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ተአምር ይስቅበታል።

ከዚያ ትእዛዙን ሰጠኝ። በየማለዳው፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ክዳኑን ከፍተህ ውሃውን እይ። ከጎደለ ሙላ። የምትሞላው ግን የዝናብ ውሃ ይሁን፤ ሌላ አታስገባባት። ማለዳ ማለዳ አባቴ ትዝ ይለኛል፤ ሳይጠማት አጠጣት።

እዚህ ላይ ነው የአባቴ ልጅነቴ ያሳሳተኝ።

በወለጋ ሆራ አለ። ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነው፤ ከብት ይነዳበታል። ሆራ ጠጥታ የምትመለስን ላም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፀጉሯ ያበራል፤ ወተቷ ይጨምራል፤ አረማመዷ ሁሉ የወይዘሮ ይሆናል። ታዲያ የእኔዋ ምን በድላ ነው የጣራ ጠብታ የምትጠጣው? ቅዳሜ ቅዳሜ በጀሪካን ሆራ መቅዳት ጀመርኩ። በስመ አብ ብዬ አማትቤ እሞላላታለሁ። ጎረቤቶቼ መቼ ነው የምትወልደው ይሉኝ ነበር። ይበሉ።

ለዓመት ያህል አጠጣኋት። በኋላ ሜካኒኩ ራዲያተሯን ሲፈታው እነዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች ነጭ ድንጋይ ጎርሰዋል። ያረጀ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ታውቁታላችሁ? እሱ ነው። ሰውዬ፣ መኪና ነው የነዳኸው ወይስ ጨው ስትጋግር ነው የከረምከው አለኝ። ይህን ያወቅሁት ግን ከሆነ በኋላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ከጊምቢ መልእክተኛ መጣ። ኦቦ ጉደታ ታመዋል፤ አልጋ ይዘዋል፤ ልጄ ከነባሏ ትምጣ ብለዋል። ከነባሏ! ጫልቱ ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥተን ወጣን።

ዴዴሳ ወንዝ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ እየዘመርን ወረድን። የዴዴሳን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ጊምቢ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ፏ አለ። ቆምን። መኪና አያልፍ፣ ሰው አይታይ። የያዝኩት ጀሪካን ባዶ ነው። ጫልቱ መንገዱን ብቻ ታያለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከመንገዱ ዳር ተንበርክኬ ጌታዬ፣ ወይ ውሃ ወይ ሰው ላክልኝ አልኩ።

ሁለቱንም ላከልኝ። አንድ ሽማግሌ ጨው የጫነች በቅሎ እየሳቡ፣ ትልቅ ቅል ውሃ አንጠልጥለው ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ሰላምታውን በኦሮምኛ አቀረብኩና ውሃውን ለመንኩ። መኪናዋን አዩ፤ እንፋሎቱን አዩ፤ ቅሉን ወደ ጀርባቸው አዞሩት። ንፉግ ናቸው ብዬ በሆዴ ተቀየምኩ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ልከፍት ስል ግን እጄን ያዙኝ።

«በቅሎዬ ዳገት ወጥታ በላብ ስትጠመቅ ውሃ ብሰጣት እዚሁ ትወድቃለች» አሉኝ። «ያንተዋ ብረት ስለሆነች ሆድ የላት መሰለህ?»

ደነገጥኩ። ሜካኒኩም ይህንኑ ነግሮኝ ነበር፤ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመርክ ይሰነጠቃል፣ ክዳኑም ፊትህን ይልጥሃል ብሎኝ ነበር። ጭንቀት አስረሳኝ። እኚህ ሰው ግን መኪና ተሳፍረው አያውቁም! ከበቅሎ የተማሩት ነው። እኔ ከላም ተምሬ አበላሸሁ፤ እሳቸው ከበቅሎ ተምረው አዳኑኝ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይሄኔ ጫልቱ አለቀሰች። ምን ሆነሽ ነው ልጄ አሏት፤ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ሽማግሌው የጨውን ጆንያ ከበቅሎዋ ጀርባ አወረዱና ልጓሙን እጄ ላይ አደረጉ።

«ብረት ይጠብቃል፤ አባት አይጠብቅም። እኔ እዚህ እቀመጣለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስልኝ።»

ስማችን ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁንም። ጫልቱን አሳፈርኳት፤ እኔ ልጓም ይዤ በእግሬ ፊት ፊት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ዳዊት እየደገምኩ፣ እንዲህ ያለ ሰው የፈጠርክ አምላክ እያልኩ ሄድኩ።

ኦቦ ጉደታን በር ላይ ፀሐይ እንዲሞቁ በቁርበት አውጥተዋቸው ነበር። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በቅሎዋን ከጆሮ እስከ ኮቴ ገመገሟት። ከዚያ እኔን።

«በመጨረሻ ሰው ሆንክ» አሉኝ።

በቅሎዋ የሰው ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ጫልቱ ከበቅሎዋ ወርዳ እግሬን ረገጠችኝ። ዘጋሁ። ፈጣሪ ዝምታዬን ይቅር ይበለኝ፤ ከውሸት ይቆጠር ከምሕረት እስከ አሁን አልለየሁትም። ኦቦ ጉደታ ሁለታችንን አንበርክከው፣ ቱፍ ቱፍ ብለው፣ እጃቸውን ራሳችን ላይ ጭነው መረቁን። ሆራ ቡላ አሉን። በኦሮምኛ እርቡ፣ ተባዙ፣ ኑሩ ማለት ነው። መኪናዬ ሆራ ጠጥታ ታመመች፤ ትዳሬ ሆራ ተብሎ ዳነ። የእግዚአብሔርን ሥራ ማን ይመረምራል? ኦቦ ጉደታ ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩት ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ጫልቱን አባቷ እግር ሥር ትቻት፣ በቅሎዋ ላይ አንድ እንስራ የዝናብ ውሃ አስጭኜ ተመለስኩ። ባለ በቅሎው በመኪናዋ ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሞተሩ በርዶ ነበር። በቀስታ ሞላሁ፤ አስነሣሁ፤ ተነሣች።

ጉልበታቸውን ስሜ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ እርስዎ ስጸልይ ዋልኩ አልኳቸው። የማያውቁኝን ሰው እንዴት አመኑ፣ በቅሎዋን ይዤ ብጠፋስ ብዬ ጠየቅኋቸው። መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋትና እንዲህ አሉኝ፦

«እኔም ስጸልይ ነው የዋልኩት፤ ‹ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ በቅሎዬን ከወሰዳት ይውሰዳት፤ ብቻ ይቺን ጥሎብኝ እንዳይጠፋ› እያልኩ።»