የታደለ ጊታርና የአልጋ ሥር ወይን

ሰው ማጋባት ይወዳል። ስለ ሠርግ ብቻ አይደለም የማወራው። ጥሬ ሥጋን ከሚጥሚጣ ያጋባው ማን ነው? ለቂጣና ለተልባ የትኛው ሽማግሌ ተላከ? ጥሎሹንስ ማን ቆጠረ? ማንም አያውቅም፤ ጋብቻው ግን እስከ ዛሬ አልፈረሰም። የሰው ልጅ የራሱን ትዳር እንዲህ ቢያሳምር ኖሮ የሰፈራችን አስታራቂዎች ሥራ ፈት ሆነው በቀሩ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጎንደር ያለው የእህቴ ልጅ በስልክ የላከልኝ ወሬ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ሙዚቃን ከወይን ጋር ያጋባሉ አለኝ። ለዝግታው ዜማ ቀዩን፣ ለፈንጠዝያው ነጩን ይቀዱለታል፤ እንግዳው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እያጣጣመ ይሰማል። ልብ በሉልኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ! እኔ በኖርኩበት ዘመን ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠጣ ሰው ኮሶ የሚጠጣ ብቻ ነበር።

ይሁንና ክፉ አመል አለብኝ፤ ሌላው የቀመሰውን ሳልቀምስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ችግሩ የምኖረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ጥላዬ እንኳ እኔን ፀሐይ ላይ ጥሎ ጥላ ፍለጋ የሚሮጥበት አገር። እዚህ ክርስቲያን ቢጠጣ ሕጉ ዝም ይላል የሚሉ አሉ። ይበሉ። ሕግ ቢፈቅድ ሰፈር አይፈቅድም፤ ሰፈር ቢፈቅድ አከራይ አይፈቅድም።

የእኔ አከራይ ሐጂ ዑስማን የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ከካርቱም ጦርነቱን የሸሸው ሕዝብ ከተማችንን ከሞላት ወዲህ ትናንት ፍየል ያደረበት ክፍል ዛሬ «ሳሎን» ተብሎ ይከራያል። ሐጂም እኔን አስወጥተው ከበርቴ ተከራይ ማስገባት አማራቸው። ግን ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰው ናቸው። ፀጉሬ ጥቁር ሳለ የገባሁበትን ቤት ያለ ምክንያት «ውጣ» ማለት ከበዳቸው። ስለዚህ ምክንያት ፍለጋ ይመጣሉ። ግድግዳውን ያንኳኳሉ፣ ቧንቧውን ያዩታል፣ ጣሪያውን አንጋጠው ይቆጥሩታል። እኔም ምክንያት ላለመሆን እንደ ባሕታዊ እኖራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሐምዳይት ስደተኞች ጣቢያ ወርጄ ድንኳን ልትከል?

ታደለን ያገኘሁት እንዲህ በተጠነቀቅኩበት ሰሞን ነው። ከመተማ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ የቀረ፣ ዛሬ ራክሻ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ሲመልሰኝ ባጃጁ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ራክሻ ነው የምንለው፣ መሐል መንገድ ላይ ተኛችብን። መካኒክ እስኪመጣ ከመቀመጫው ሥር ጊታር አወጣ። ከካርቱም የሸሸ ተማሪ ለመንገዱ ሸክም ሆኖበት ትቶለት የሄደ ነው፤ አንዷ ክሩ የፍሬን ሽቦ ናት። ብቻ ሲነካው ምን ልበላችሁ፣ የጫነ ግመል ቆመ። ባለቤቱ ቢደበድበው አልሄድም አለ። ግመሉ ዛሬም እዚያው ሳይቆም አይቀርም።

«በማን ሠርግ ትጫወታለህ?» አልኩት።

«በማንም፣ አያ ደሴ። ሠርጉ ሁሉ ኦርጋንና ሞንታርቦ ነው። ያለ ማጉያ ማን ይሰማኛል? የምትሰማኝ ራክሻዬ ብቻ ናት፣ እሷም ስትበላሽ።»

ሙሽራው ተገኘ ማለት ነው። ሙሽሪት ወይኗ ቀረች።

ከሱቅ ዘቢብ ገዛሁ፤ ለቀለሙ ከርከዴ፣ ለጉልበቱ ስኳርና የዳቦ እርሾ ጨመርኩበትና ጀሪካን ሞልቼ በገመድ አልጋዬ ሥር አስተኛሁት። እንዳይፈነዳ ክዳኑን ቀድጄ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ፣ ጫፉን ውኃ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት። አየሩ በወጣ ቁጥር ቡልቅ ይላል። በገዳሪፍ ሙቀት ደግሞ በማግሥቱ ጀሪካኑ የደረሰች እርጉዝ መሰለ፤ ቡልቅ ቡልቁም ጉማሬ የደበቅኩ አስመሰለኝ።

ታደለ «ደረሰ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ በመጣበት ቀን አሥር ሰዓት ግድም በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው። ሰላምታችን የጤናውን፣ የልጆቹንና የዝናቡን ደኅንነት አዳርሶ ሲያልቅ መቀመጫ ፈለጉ። የት ይቀመጡ? አልጋው ላይ። ከወይኑ አናት ላይ! ሽታውን አልፈራሁም፤ የሰሊጥ ብናኝ አፍንጫቸውን ጡረታ ካወጣው ቆይቷል። ጆሯቸው ግን የነጋዴ ጆሮ ነው።

ቡልቅ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ያ ደሴ? ቧንቧው ነው?» ምክንያቱ ሊገኝ ነው፤ ዓይናቸው በራ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ታደለ ጊታሩን ብድግ አደረገና ከእርጉዟ ጀሪካን ጋር እዚያው አጋባው። ቡልቅ ስትል ክሩን ይመታል፤ ቡልቅ ቡልቅ ስትል ያጣድፈዋል፤ ዝም ስትል እሱም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል። እኔ ላቤ ሲንቆረቆር ሦስተኛ ተጫዋች የሆንኩ መሰለኝ።

«ወላሂ ኩዋይስ! ግሩም ነው!» አሉ ሐጂ። «ያቺ ከበሮዋስ የት ናት?»

«እግሬ ነው፣ ያ ሐጅ» አለ ታደለ፣ ባዶ እግሩን መሬት ላይ እየጠበጠበ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጉብዝናቸው ዘመን ካርቱም ውስጥ ጊታር የሚሰሙበት ግቢ ነበር አሉ፤ ግቢው ዛሬ ይኑር አይኑር አያውቁም። ሲወጡ ግድግዳውን አላንኳኩም፣ ጣሪያውንም አላዩም።

ተገላገልን ስንል በማግሥቱ ስኳር ይዘው መጡ። በሳልስቱ ወንድማቸውን አስከትለው መጡ። ከዚያማ አሥር ሰዓት ሲሆን አልጋዬ የሐጂ ሆነ። ታደለ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገውን ሰሚ አገኘ፤ ሰሚው ግን ወይናችን ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ። ሐጂ እስኪሄዱ የታደለ ራክሻ ሥራ ይደርሳል፤ ወይኑም ሳይከፈት ይውላል፣ ሳይከፈት ያድራል። ቡልቅታውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ሐጂ «እግርህ ደከመው?» ብለው ለታደለ አዘኑለት።

በመጨረሻ ሐጂ እርሻቸውን ሊያዩ ሀዋታ ወረዱ። ጀሪካኑን ጎትተን አወጣን፣ ታደለ ዝግታውን ዜማ ጀመረ፣ እኔ ቀዳሁ፤ እንደ ሆቴሉ እንግዶች ዓይናችንን ጨፍነን ተጎነጨን። ሆምጣጤ! ጥርስ የሚነቅል፣ ዝገት የሚያለቅቅ ሆምጣጤ።

ታደለ እንባውን እየጠረገ «አያ ደሴ፣ ይኸ ለየትኛው ዜማ ነው የሚሆን?» አለኝ።

«ለሙሾ» አልኩት።

እንዳልደፋው የዘቢቡ ዋጋ ቆጨኝ። በቲማቲምና በሽንኩርት ላይ አፍስሼ፣ እንዳገሩ ወጉ የለውዝ ቅቤ ለውሼበት ሰላጣ ሠራሁ። ሐጂ ከሀዋታ በተመለሱ ዕለት ታደለ እየተጫወተ አቀረብኩላቸው። በዳቦ ጠቅሰው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም የቤቱን ቁልፍ ከኪሴ ሳላወጣ በልቤ አስረከብኩ።

«ያ ደሴ» አሉ ቆይተው፣ «ይኼ ኸልና ይኼ ጊታር በአንድ ቀን የተፈጠሩ ናቸው። ከየት አመጣኸው?»

«ራሴ ነኝ የምሠራው» አልኩ። ውሸት አይደለም።

«እንግዲያ ኸሉን እንዳታቋርጥብኝ። ቤቱ እንደሆነ ያንተው ነው፤ ከዚህ ማንም አያነሳህም።»

እናንተ እንደምታውቁት ኸል፣ ሆምጣጤ ማለታችን ነው፣ ከሰማይ አይዘንብም። ሽማግሌ ሁሉ አስቀድሞ ጎረምሳ እንደነበረ፣ ሆምጣጤም አስቀድሞ ወይን መሆን ግድ አለበት። ሐጂ ይህን አልጠየቁም፣ እኔም አልነገርኳቸው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ በአከራዬ ትእዛዝ፣ በአከራዬ ቤት፣ አከራዬ ከሚቀመጡበት አልጋ ሥር ወይን እጥላለሁ። ከወይን እስከ ሆምጣጤ መንገዱ ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይ ግን አንድ ደኅና መውረጃ አለ። ሐጂ ሀዋታ በወረዱ ቁጥር እኔና ታደለ እዚያ እንወርዳለን።

ዓይናችንን ጨፍነን።