እትዬ የኛማና የልጄ ጆሮ

ሕፃን በተወለደበት ቤት ሁሉ አንዲት ጎረቤት አብራ ትወለዳለች። ሕፃኑ ዓይኑን በወጉ ሳይገልጥ በሩን ገፋ አድርጋ ትገባለች፤ ጫማዋን ታወልቃለች፤ እጇን ትታጠባለች፤ ከዚያ እንደ ዳኛ ተደላድላ ትቀመጣለች። ጥያቄዋ በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፤ «ምን ጀመረ?»

ሕፃን ምን ይጀምራል? መተንፈስ ጀምሯል። ማልቀስ ጀምሯል። እናትና አባቱን እንቅልፍ መንሳት ጀምሯል። ለዳኛዋ ግን ይኼ ሁሉ ከቁም ነገር አይገባም።

የእኛይቱ ክብርት ዳኛ ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስም ሳይኖራቸው አይቀርም፤ በሕንጻው ውስጥ የሚያስታውሰው ግን የለም። አፋቸውን ሲከፍቱ ቀድማ የምትወጣው ቃል ስማቸው ሆና ቀርታለች። እትዬ የኛማ እንላቸዋለን። የኛማ በስድስት ሳምንቱ ሳቀ። የኛማ በሁለት ወሩ አንገቱን አቀና። የኛማ በሦስት ወሩ ተገለባብጦ ከአልጋ ወደቀ፤ ወድቆም አላለቀሰም።

ይህ ባለታሪክ ልጃቸው ነው። ዛሬ ጢሙን የሚላጭ፣ ደረጃውን ሲወጣ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥለት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል። በሁለት ወሩ ያቀናውን ያንን ታሪካዊ አንገት እሑድ እሑድ እስከ ቀትር ድረስ ከትራስ አያነሳውም። እናቱ ጀብዱውን ሲተርኩ ደረጃ ላይ ከደረሰባቸው ፊቱ ይቀላል፤ «እማዬ፣ ኧረ በቃሽ» ይልና ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለ ይሰወራል።

እኔ ደግሞ የዜማ ሰው ነኝ። ድምፄ ለመድረክ አይበቃም፤ ለመታጠቢያ ቤት ግን ይተርፋል። ሚስቴ በአንድ ግጥም ተሸንፋ እንዳገባችኝና ከሁለተኛው ግጥም ጀምሮ እንደተጸጸተች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ልጃችን ገና በሆዷ ሳለች ማታ ማታ ጎንበስ ብዬ አንጎራጉር ነበር። ስትወለድ ደግሞ ስንኙን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት፤

ደመናው ቢጠቁር፣ ሰማዩ ቢከፋ፣
አንቺ ፈገግ ስትዪ ቤቴ በራ፣ ሰፋ።

እውነትም አንድ ቀን ፈገግ አለች። ለእኔ ሳይሆን ለጣሪያው አምፖል ነበር፤ ቢሆንም ፈገግታ ፈገግታ ነው። እየሮጥኩ ሄጄ ግድግዳውን አንኳኳሁ። እትዬ የኛማ ክር በአንገታቸው እንደተጠመጠመ መጡ፤ መነጽራቸውን አወረዱ፤ አዩ፤ ፈረዱ።

«እሱ ሳቅ አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ አየር ገብቶ ነው።»

አንገቷን ያቀናች ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሆዷ አስተኝተናት እንደ ኤሊ ጭንቅላቷን ብድግ ስታደርግ እኔ እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ከትከሻቸው ላይ ሜትራቸውን ሳብ አድርገው ለኩ። አቅንታለች፤ ነገር ግን እንደ ተጣመመ ኮሌታ ወደ ግራ ታዘነብላለች አሉ። የኛማ ቀጥ ብሎ ነበር። ሚስቴ የዚያን ቀን ሳህኖቹን ያጠበችው ከወትሮው በበለጠ ድምፅ ነበር።

አራተኛው ወር ላይ የጆሮ ተራ ደረሰ።

ሕፃን በዚህ ዕድሜው ድምፅ ሲሰማ ዘወር ብሎ ይፈልጋል አሉና እትዬ የኛማ ከጀርባዋ ቆመው አጨበጨቡ። ልጄ ጡጫዋን ትጠባ ነበር፤ ቀጠለች። ቁልፍ አንቀጫቀጩ። ቀጠለች። ወደ ወጥ ቤት ሄደው የድስት ክዳን ከድስቱ ጋር አጋጩ። ከምድር ቤት ያለው ጸጉር አስተካካይ ምን ፈነዳ ብሎ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፤ ልጄ ግን ጡጫዋን ወደ ውጭ አውጥታ በጥሞና ከመረመረችው በኋላ መልሳ ጎረሰችው።

እትዬ የኛማ ክዳኑን ቀስ አድርገው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። እስኪናገሩ ጠበቅን። «የኛማ» አላሉም። በደረጃው ሁሉ የተሰለቸችውን ያችን ቃል ያን ጊዜ ምነው ባሉ ብዬ ተመኘሁ። ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

ሚስቴ አየችኝ። ተንበርክኬ ስንኜን አዜምኩ፤ ደመናውንም፣ ሰማዩንም። ልጄ ጡጫዋን ታያለች። እንግዲህ አስቡት፤ ያለኝ ሀብት አንድ ድምፅ ነው፤ እሱንም ለአንዲት ሰው ነበር ያስቀመጥኩት።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ማንቃጨልቻ ይዛ በቀኝም በግራም ሞከረች። ልጄ ዓይኗን የነርሷ ደረት ላይ የሚያብለጨልጨው የስም ሰሌዳ ላይ ተክላ አልነቅል አለች። አንዳንድ ሕፃን በዓይኑ ሲጠመድ ጆሮውን እንደሚረሳ ነርሷ ነገረችን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱልኝ፣ ያኔም እንዲሁ ከሆነች ወደ ጆሮ ሐኪም እልካታለሁ አለችን።

ያን ሰሞን ቤታችን የዕቃ መጣያ ሆነ። ሚስቴ ማንኪያ ትጥላለች፤ እኔ መጽሐፍ እጥላለሁ፤ ሁለታችንም የልጅቷን አንገት እናያለን። ማንጎራጎር ተውኩ። ሚስቴ ከመታጠቢያ ቤት ምንም ሳትሰማ ስትቀር ወድቄ እንደሆነ ልታይ በሩን ታንኳኳለች።

በእትዬ የኛማ ላይ የደረሰው ግን የባሰ ነበር። የድስት ክዳኑ ጥፋት የእሳቸው ይመስል ፊታቸው ጠቆረ። ልጅቷ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ብትሆን ድምፅ ትለይ ይሆናል ብለው ወሰኑና የስፌት መኪናቸውን ጨርቅ አልብሰው ተዉት። ከግድግዳው ማዶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንኳኳ የኖረው መኪና ዝም አለ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሞች ሳይሰፉ ተከመሩ። እሳቸው በቀን ሦስት ጊዜ እየመጡ አንዴ በደወል፣ አንዴ በቆርቆሮ፣ አንዴ እንደ ድመት እየጮኹ ይሞክራሉ። አንዲት የተከበሩ ሴትዮ ሳሎናችን ውስጥ በጉልበታቸው ሄደው «ሚያው» ሲሉ አይቼ መሳቅ ያቃተኝ ያኔ ብቻ ነው።

ይባስ ብሎ ልጄ መተኛት እምቢ አለች። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ታለቅሳለች፤ ብናቅፋት ታለቅሳለች፤ ብናስተኛት ታለቅሳለች። ሌላ በሽታ መጣ ብለን ተሸበርን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ደረጃውን ወጥተው የእትዬ የኛማን በር ደበደቡ። «ትምህርት ሰኞ ይከፈታል፤ ልጆቼ ቁምጣ የላቸውም፤ እርስዎ ደግሞ ድመት ሆነዋል አሉኝ፤ ምን ጉድ ነው?» እያሉ ሲቆጡ በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ ወንበር ሲጎተት ሰማን። ሚስቴ ልጃችንን ታቅፋ ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ልጅቷ ከንፈሯ ሰማያዊ እስኪሆን ታለቅሳለች።

ከግድግዳው ማዶ መኪናው ጀመረ።

ልጄ ለቅሶዋን መሃሉ ላይ ቆረጠችው። ያ ወደ ግራ ያዘነብላል የተባለ አንገት ቀስ፣ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዞረ። ግድግዳውን አየችው። ፈገግ አለች፤ በዚህ ጊዜ አየር አልነበረም።

«እንዳትንቀሳቀስ» አለች ሚስቴ በሹክሹክታ።

እኔ ግን ተንቀሳቀስኩ። ግድግዳውን በጡጫዬ ደበደብኩና እትዬ፣ ያቁሙ አልኩ። መኪናው ቆመ። የልጄ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ዋይታዋ ተነሳ። ይቀጥሉ አልኩ። ቀጠለ። ዝም አለች፤ ዞረች። ይቁም፤ ይቀጥል፤ ይቁም። ከማዶ ርዕሰ መምህርቷ «ይኼ ሰው ምን ነካው?» ሲሉ ይሰማኛል።

እትዬ የኛማ በባዶ እግራቸው፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው መጡ። ነገሩን ስንነግራቸው መርፌውን አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩና ያልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ከሆድ ጀምራ የምታውቀው ድምፅ ያ መኪና ነው። ሚስቴ እርጉዝ ሳለች ጀርባዋን ደግፋ የምትቀመጠው በዚያ ግድግዳ ነበር። ለዚያ ጆሮ ጭብጨባና ድስት ምኑም አይደለም። መኪናውን ደግሞ ማናችንም ልንሞክረው አልቻልንም፤ ምክንያቱም እትዬ የኛማ ልጅቷን ሊፈትኑ ወደ እኛ ቤት በመጡ ቁጥር መኪናው ባለቤቱን አጥቶ ዝም ይላል።

በቀጠሮው ቀን የመኪናውን ድምፅ በስልኬ ቀድቼ ሄድኩ። ነርሷ ከልጄ ጀርባ ከፈተችው፤ ልጄ ዞረች። ቀነሰችው፤ ዞረች። ከዚያ የስም ሰሌዳዋን አውልቃ ኪሷ ከተተችና በራሷ ዕቃዎች ሁሉ ሞከረች፤ ለሁሉም ዞረች። ጆሮዋ ደህና ነው አለችን። ሚስቴ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደመናው ቢጠቁር፣ ሰማዩ ቢከፋ አልኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፤ ልጄ አልዞረችም። እስከ ዛሬም ለእኔ ዜማ አንገቷን አታንቀሳቅስም። አሁን ስንኜን ከመኪናው ምት ጋር አስማምቼ አዜማለሁ፤ እትዬ የኛማ ሲያጣድፉ እያጣደፍኩ፣ ክር ሲበጠስባቸው ቃል መሃል ላይ እየቆምኩ። ያኔ አንዳንዴ ታየኛለች።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደረጃ ላይ አግኝቶኝ የልጄን ነገር ሰማሁ አለኝ። አንገቱን ደፋ አድርጎ «እኔም እኮ መኪናው ሲያቆም ነው የምነቃው» አለ። እናቱ እሑድ እሑድ እስከ ቀትር ይሰፋሉ።

ባለፈው ሳምንት የጸጉር አስተካካዩ ሚስት ወንድ ልጅ ታቅፋ ገባች። ከሥራ ስመለስ በራቸው ገርበብ ብሏል፤ የእትዬ የኛማ ጫማ ደጃፉ ላይ ተደርድሯል። ወጣቷ እናት የልጇ ሥራ ገና እንቅልፍ ብቻ እንደሆነ በፍርሃት ስታስረዳ ይሰማል። ዳኛዋም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኛማ በአራት ወሯ ከግድግዳ ማዶ ያለ ድምፅ ለይታ ትዞር ነበር» አሉ።

እግሬ ደረጃው ላይ ቀረ። ወሯ ነው ያሉት። ገብቼ ይችን ምስኪን እናት ላድናት ይገባ ነበር፤ ልጄ ለድስት ክዳን እንኳ እንዳልዞረች፣ አንገቷም እንደ ተጣመመ ኮሌታ እንደነበረ፣ እኛም ያን ሰሞን እንዴት እንደነበርን ልነግራት ይገባ ነበር። አንገቴን በበሩ አሰገግኩ።

«በአራት አይደለም፣ እትዬ» አልኩ። «በሦስት ወር ተኩል ነው።»