ክብርት እመት መርፌ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው በሰላም ውሎ እንዳይገባ የተመደበ አንድ ሟርተኛ አይጠፋም። እኛ ትምህርት ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ነርሷ ናቸው። ፊት ለፊት «ሲስተር» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ክብርት እመት መርፌ»።

እንደ ሰው በዓመት አንዴ ሥልጠና ሰጥተው አይገላግሉንም፤ አድፍጠው ነው የሚያሠለጥኑት። ሻይህን ልትጎነጭ ስትል የአለርጂ ማስታገሻውን መርፌ መለማመጃ እጅህ ላይ ቁጭ ያደርጉና፣ «መምህር፣ ልጁ ኦቾሎኒ በልቷል። ከንፈሩ አብጧል፤ ትንፋሽ አጥሮታል። ምን ትጠብቃለህ?» ይላሉ። ሻዩም ይቀዘቅዛል።

የስፖርት መምህራችን፣ ያ የሚያህል ሰውዬ፣ ደንግጦ መለማመጃውን በግልባጩ ያዘና የገዛ አውራ ጣቱን ወጋ። «እሰይ! ልጁ ሞተ፤ ጣትህ ግን ተርፏል» አሉት። ርእሰ መምህሩ እውነተኛውን መርፌ ውድ ነው ብለው ቢሯቸው ቢቆልፉበት፣ ሲስተር «የተቆለፈ መድኃኒት የሚያድነው ቁልፉን ነው!» ብለው አስከፈቱና እኔ ክፍል በር ጀርባ፣ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ኦቾሎኒ የሚገድላት ልጅ ያለችው እኔ ክፍል ነዋ። ከዚያ ወዲያ የብስኩት ወረቀት በተንኮሻኮሸ ቁጥር ልቤ ትዘላለች።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ጓደኛዋ ካካፈለቻት ብስኩት ገመጠች። መጀመሪያ አንገቷን አከከች። ቀጥሎ ድምፅዋ ጎረነነ፤ ከንፈሯ ዓይኔ እያየ ያብጥ ጀመር። የጎረቤት ክፍል መምህርት ጩኸቱን ሰምታ ገባችና፣ «ኧረ ውሃ ስጧት! አስነሷት፣ ነፋስ ታግኝ!» አለች።

«እንዳትነኪያት! ውሃም የለም፣ መነሳትም የለም! ምን ትጠብቂያለሽ? አምቡላንስ ጥሪ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው ነበር።

መርፌውን አወረድኩ፤ ክዳኑን ነቀልኩ፤ ከነልብሷ ጭኗ ላይ በጎን በኩል ተጭኜ ያዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የሰው ልጅ እጄ ላይ ልትሞት ነው እያልኩ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ቆይቶ፣ በጣም የቆየ እስኪመስለኝ ቆይቶ፣ ተመለሰላት።

ሲስተር ከሌላው ሕንፃ እየሮጡ ደርሰው፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ከልጅቷ ራስጌ አልተነሱም። መኪናው ከሄደ በኋላ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ስህተቴን ሊነግሩኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሲወጋ ምን ይላል?» አሉኝ።

«እንዴት?»

«እውነተኛውን ወግቼ አላውቅም፣ ልጄ። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አልገጠመኝም። የመጣ ዕለት እጄ ቢከዳኝስ እያልኩ ነው እናንተን የማስጨንቃችሁ። እኔ ብወድቅ ሌላ ሰው ይኑር ብዬ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

«ቀጭ ይላል፣ ሲስተር» አልኳቸው። «ከዚያ ልጅቷ ታለቅሳለች። ለቅሶዋን ሲሰሙት ደስ ይላል።»

እሳቸውም አለቀሱ።