ዳሞዳር ኬልካር የመዳቡን እንስራ እንደ ፈገፈጉ

የውሃ ማጣሪያ ማሽን በፑኔ ከተማ በየቤቱ በነገሠ በአምስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ በወጣ ጊዜ፣ ሥዩመ መዳብ፣ ሞዓ ሆድ ድርቀት፣ መናኔ ክኒን የተባሉት ጡረተኛው የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ዳሞዳር ኬልካር የሠሩትን ገድል እነሆ እንጽፋለን፤ እኛም የዚያው ግቢ ሰዎች ነንና፣ ከውሃውም ጠጥተናልና፣ ምስክርነታችን እውነት ነው።

ወበውእቱ መዋዕል ዳሞዳር፣ በመዳብ እንስራ ያደረ ውሃ ሆድ ያለዝባል፣ ጉልበት ያጠናል፣ ፀጉርም ያበቅላል እያሉ ይሰብኩ ነበር፤ እርሳቸው ግን መላጣ ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ ኩባያ ይዘው የሚከተሏቸውም የባንክ ጸሐፊ የነበረው ባፓት፣ ልብስ ሰፊው ሺንዴ ከነአማቱ፣ ደግሞም ስኳሬን ያወርድልኛል ባዩ ጣፋጭ ሻጭ ነበሩ። እንስራው ሁልጊዜ ያበራ ነበር፤ ማን እንደሚያበራው ግን ዳሞዳር ጠይቀው አያውቁም።

ወእምዝ፣ እንስራውን በየማታው በኮምጣጣ የሁመር ፍሬና በጨው የሚፈገፍጉት ሚስታቸው እቴጌ ኢንዱማቲ የእጃቸው አንጓ ቢያብጥባቸው፣ ከማድቤት ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ጤናው የእርስዎ ከሆነ ፍግፈጋውም የእርስዎ ይሁን። የእኔ እጅ ጡረታ ወጥቷል።»

እንስራውም ሰነበተና ጠቆረ፣ ቀጥሎም አረንጓዴ ሆነ፤ ባፓትም ኩባያ በያዘው ሠራዊት ፊት እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ዳሞዳር ወንድሜ፣ እንስራህ ሣር አብቅሏል። ይህን ጠጥቼ ከምድን ታምሜ ብኖር ይሻለኛል። ነገ ካልጸዳ እኔ ለማሽኑ ገብቻለሁ።»

ያን ጊዜ ዳሞዳር ስማቸው ሊጠፋ እንደ ሆነ አይተው፣ ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ለእራት ወጥ የተዘፈዘፈውን ሁመር ማርከው፣ ግቢው መካከል ተቀምጠው ተዋጉ፤ እንስራውም ፊት እስኪያሳይ አበራ። ሲኩራሩም ሁለተኛ አዋጅ ከማድቤት ወጣ፦ «ውጪው ለጎረቤት ነው፣ እሺ። የምትጠጡት ግን ከውስጡ ነው።»

ዳሞዳርም ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገብተው ውስጡን ፈገፈጉ፤ አንጓቸውም ታመመ። ሕመሙንም ባወቁት ጊዜ የማን እንደ ነበረ አወቁ፣ አፈሩም፤ በዚያ ምሽትም ወጡ ሁመር ሳይገባበት ተበላ።

በነጋም ኩባያዎች ሁሉ ሲዘረጉ፣ ዳሞዳር አንድ ኩባያ ቀድተው፣ አልፈዋቸው ወደ ማድቤት ሄዱ፤ እቴጌይቱ ሥራቸውን ጨርሰው እስኪመጡ ሠራዊቱ እንስራውን ያደርቀው ስለ ነበር፣ ከዚያ ውሃ አንድ ቀን እንኳ ቀምሰው አያውቁም ነበርና። እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «የመጀመሪያው ኩባያ የእሷ ነው። እናንተ ከእንግዲህ ሁመር ይዛችሁ ኑ፤ በተራ እንፈገፍጋለን።»

እቴጌይቱም ጠጡ፣ «መዳብ መዳብ ይላል» አሉ፣ ኩባያቸውንም ደግመው ዘረጉ።

ስለዚህ ለሥዩመ መዳብ ለዳሞዳር ክብር ይሁን፣ ሁመራቸውም አይለቅባቸው፤ ጉልበታቸው ዛሬም ያማቸዋል፣ መላጣቸውም እንደ ነበረ ነው፤ የእቴጌ ኢንዱማቲ አንጓ ግን ድኗል።