የዓሣው ዘርፍ ጎጆ ሲወጣ

ሁለት የተማሩ ሰዎች አንድ ቦታ ከተገናኙ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። አትቆጡኝ! ፊደል ሳልቆጥር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የተማረ ሰው የሚሠራውን ቁጭ ብዬ ከማየት ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

የልጅ ልጄ አስቴር እዚሁ አርባ ምንጭ የዓሣ ተመራማሪ ናት። ዓሣ ትመዝናለች፣ ዓሣ ትለካለች፣ የዓሣ ዕድሜ ታጣራለች... እቤት መጥታ አንድ ዓሣ ጥበሺ ብትባል ግን አትችልም። እሱ ሌላ ዘርፍ ነው።

ታዲያ ይቺ ልጅ የእንስሳት ምሁራን ማኅበር አባል ናት። በማኅበሩ ውስጥ ዓሣ የሚታየው በከብት ዘርፍ ሥር ነው። ይህን ዘርፍ የሚመራው ዶክተር ታደለ የሚባል የበሬ ምሁር ነው። ጉባኤ ሲጠራ ጠዋቱን ሙሉ ላም ይወራል፤ ከሻይ በኋላ በግ ይወራል፤ ዓሣ ተራው የሚደርሰው ከምሳ በኋላ፣ ተሰብሳቢው ሲያንጎላጅ ነው። ምሳው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? የጫሞ ሐይቅ ዓሣ! በልተውት ሲያበቁ ወሬውን መስማት ከበዳቸው።

አስቴር ቆረጠች። ዓሣ የራሱ ዘርፍ ይኑረው አለች። ለዚህ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ ስልኩ ጆሮዋ ላይ በቅሎ ከረመ። ዓሣ ያጠና፣ ዓሣ ሊያጠና ያሰበ፣ ዓሣ በሩቁ ያየ... ሁሉም እየተለመነ አባል ሆነ። አንዱማ «እኔ እኮ የዶሮ ባለሙያ ነኝ» ሲላት፣ «ዶሮህን ምን ትቀልባለህ? የዓሣ ዱቄት አይደለም እንዴ? በቃ የኛ ነህ!» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጉባኤው ወደ ከተማችን ሊመጣ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣች።

«እማማ፣ ዘንድሮ ድምፅ ካላገኘን እስከ ዘላለሙ የላም ጅራት ሆነን መቅረታችን ነው!»

«ከዶክተሩ ተጣላችሁ እንዴ?»

«ጠብ አይደለም፤ መለየት ነው። እድገት ነው።»

«ያልተጣላ ሰው ለምን ይለያል?»

«አይገባሽም እማማ!»

አይገባሽም የተባለች አሮጊት ምን ታደርጋለች? ሚኒባስ ተሳፍራ ጨንቻ ትወጣለቻ! ጨንቻ የአክስቴ ልጅ አንጁሎ አለ፤ የታወቀ አስታራቂ ነው። (እግረ መንገዴን ድንች ገዛሁ፣ ለቅሶ ደረስኩ፣ አንድ ሸማኔ ጋ ተቀምጬ ቡሉኮ አማረጥኩ... እሱን ልተወው።) «ልጄ ከአለቃዋ ተኳርፋ ቤት ልትከፍል ነው» አልኩት። «እኛ በሕይወት እያለን?» ብሎ ጋቢውን አነሳ። ባልንጀሮቹንም ጠራ።

በጉባኤው ቀን፣ ሰብሳቢው «የዓሣ ዘርፍ መቋቋሙን የምትደግፉ እጃችሁን...» ሲል የአዳራሹ በር ተከፈተ። ሽማግሌዎቻችን ለእርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ገቡና መሐል ወለሉ ላይ ተንበረከኩ! እንግዲህ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚሄድ የጋሞ ልጅ ገና አልተወለደም። ዶክተር ታደለ የዶርዜ ሰው ነው፤ ከነከረባቱ ዱብ አለ። አስቴርም ከጎኑ ወደቀች። ከአዲስ አበባ የመጡት ምሁራን የባህል ትርዒት መስሏቸው በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ አንዱማ አጨበጨበ።

«ልጆቼ፣ ምን አጣላችሁ?» አለ አንጁሎ።

«ኧረ አባቴ፣ አልተጣላንም!» አለች አስቴር።

«እሱንማ ሁሉም ይላል።»

ቀና ስትል እኔን በሩ ሥር አየችኝ። «እማማ... ገደልሽኝ!» ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለካስ ለእኔ ነው!

ዶክተሩ ደግሞ የተማረ አይደል? ነገሩ ቶሎ ገባው። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አባቶቼ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ላምና ዓሣን ምን ለያቸው?» አለ። ውይ፣ እንዴት ያለ ሰላም ወዳድ! ሰብሳቢውም «ሽማግሌ ከገባበትማ ድምፅ መስጠት ነውር ነው» ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ክረምቱን ሙሉ የተለፋበት ዘርፍ በገዛ አያቷ እጅ ጨነገፈ! የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ ሲል አላስችል አለኝ።

«አንጁሎ!» አልኩት ከበሩ ሥር። «ልጅህ ስትዳር ከአንተ ተጣልታ ነው ከቤት የወጣችው?»

«ምን ማለትሽ ነው? መርቄ ነው የሸኘኋት!»

«ይቺም ጎጆ ልውጣ ነው ያለችው። ጠብ ነው ያልኩህ እኔው ነኝ።»

«አንቺ ሴትዮ... በዚህ ጉልበቴ፣ ከጨንቻ ድረስ!»

አጉረመረመ፤ ከተንበረከከበት ግን አልተነሳም። ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«ይህች ልጅ ለጎጆ ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም?»

ዶክተሩ ምን ይበል? ተንበርክኮ፣ ሣር ፊት፣ ያ ሁሉ ስልክ እየቀረጸው...

«ደ... ደርሳለች።»

«እንግዲያው መርቃት!»

«ውለዱ... ክበዱ...» አለ፣ ያለ ማደንዘዣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው።

አዳራሹ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። እጅ የቆጠረ የለም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግራ ቢገባው «በሙሉ አሜን ጸደቀ» ብሎ ጻፈ አሉ።

ዘርፉ እንዲህ ተወለደ። አስተዳደጉን ብታዩ! በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢ ተመረጠ፤ እሷው አስቴር ናት። ምክትል ተመረጠ፣ የምክትሉ ተወካይ ተመረጠ፣ አስተባባሪ ተመረጠ፣ አስተባባሪዎቹን የሚያስተባብርም ተመረጠ። የሚመራ ሰው ሞላ፤ ተመሪው ጠፋ እንጂ! ሹመቱ ሲያልቅ ከምዕራብ ዓባያ የመጡት ተነሱ። «የዓባያ ዓሣና የጫሞ ዓሣ አንድ አይደለም፤ የራሳችን ዘርፍ ይኑረን!»

አስቴር እየነደደች ቤት ገባች።

«እማማ፣ እስቲ ምን አጎደልኩባቸው? ገና በሁለት እግራችን ሳንቆም!»

«እና ምን አልሻቸው?»

«ዓሣን ከዓሣ ምን ለየው፣ አብረን እንኑር አልኳቸዋ!»

ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩት። የተማረ ሰው ነገር በመከፋፈል ያድጋል ይላሉ፤ ይሁንላቸው። እኛ ዘንድ ሥሩ ተሰንጥቆ የሚበዛው እንሰት ነው... እሱም ቢሆን ከመብዛቱ በፊት ይቀበራል።